ማዕበል የሚመታት ከተማ እና የጎንደር በር

ባለፈው ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ አራት ሆነን ጋቢ ደርበን ቢሮ ቻርጅ አድርጌ ባመጣሁት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን አንድ የውጭ ትሪለር፣ ልብ የሚያንጠለጥል የፍርሃት ፊልም፣ እያየን አመሸን። ታሪኩ ከዚህ ዘውግ የለመድነው ዓይነት ነው፣ ማዕበል የማያርፍባት ትንሽ የባህር ጠረፍ ከተማ አለች፣ ነዋሪዎቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ አንዲት እንግዳ ሴት በዛ ወጀብ መሃል ትመጣለች፣ ማንም አያስጠጋትም፣ ከዛ ማታ ማታ ከባህሩ የሆነ ነገር መውጣት ይጀምራል። ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን "ባህር የሌለው አገር ሰው ይሄን አይቶ ምን ሊፈራ ነው? የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ የማያውቁት ባህርም አያስፈራም" ብሎ ተነሳ። እኔ ግን እስኪነጋ አልተኛሁም፣ ያኔ ቶሎ ያልመጣልኝን መልስ ነው አሁን የምጽፈው።

እኔን የያዘኝ ከባህሩ የወጣው ነገር አልነበረም፣ እሱማ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ሴትዮዋ ገና የመጣች ቀን በር ስታንኳኳ ነው የያዘኝ። ቤቱ ውስጥ መብራት አለ፣ መጋረጃው ሁለት ጣት ያህል ገለጥ ይላል፣ አንድ ዓይን ያያታል፣ ከዛ መጋረጃው ይመለሳል፣ መብራቱም ይጠፋል። በቃ። ውሃ ከፀጉሯ እየወረደ ቆማ ትቀራለች።

እንዲህ ያሉ ታሪኮች ውስጥ ወጀቡ የሚሠራው ሥራ አለ። መንገዱን ይዘጋል፣ ጀልባ አያስወጣም፣ እንግዳው መሄጃ ያጣል፣ እንግዲህ ያለው ምርጫ የሰው በር ብቻ ነው፣ በሩ ደግሞ አይከፈትም። ከባህሩ የሚወጡት ሙታን ለምን እንደመጡ ሲጣራ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የቆየ ዕዳ ይገኛል፣ ድሮ መርከብ ሲሰጥም ከተማው ቆሞ አይቷል፣ ወይ ጭራሽ ራሱ አስጥሞ ዕቃውን ተካፍሏል፣ ልጆቹም በዛ ገንዘብ አድገዋል። እኛ ደም ይጮሃል የምንለው ነገር ነው፣ ለዚህ ባህር ማየት አያስፈልግም።

ደግሞ ከሜዳ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። በእንግሊዝ ጠረፍ የተሰበረ መርከብ መዝረፍ ከባድ ችግር ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ1753 ሕግ ወጥቶበታል፣ የመርከቡን ንብረት የሚዘርፍ፣ ነፍሱን ለማዳን የሚታገለውን ሰው ለመግደል የሚደበድብ፣ መርከብ ለማሳሳት የሐሰት መብራት የሚያበራ በሞት ይቀጣል የሚል። መካከለኛውን ደግማችሁ አንብቡት፣ ከሞገድ ተርፎ በሆዱ እየተሳበ የወጣን ሰው መምታት የሚከለክል አንቀጽ መጻፍ አስፈልጓል። ከዛ በኋላ ከባህር የሚወጣ መንፈስ ቢጻፍ ምን ይገርማል?

ባህር የለንም ለሚለው ጓደኛዬ ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሰው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲወርድ የዛ ጠረፍ ገዢ ናይቡ ነበር፣ ሁለት ወር ገደማ አላላውስ አለው፣ ስጦታ ይጠይቀዋል፣ ያስፈራራዋል፣ ሰውየው ነገ እገደላለሁ እያለ ነው የሚያድረው። እንግዳ የማትወድ የጠረፍ ከተማ ማለት ይቺው ናት፣ ያውም ከኛ የድሮ የነጋዴ መንገድ ጫፍ ላይ። ከዛ ተራራውን ወጥቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲገባ ከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶባታል፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያለው ግቢያቸው አስገብተው የቤተ መንግሥቱን ልጆች እንዲያክም አደረጉት። ጎንደር ያኔ ገነት ነበረች እያልኩ አይደለም፣ የራስ ሚካኤል ዘመን ነው፣ አደባባዩ ላይ ደም አይደርቅም ነበር። ግን ከየት መጣ የማይባል ፈረንጅ፣ በዛ ላይ በወረርሽኝ ሰዓት፣ ልጆች የተኙበት ክፍል ድረስ ገብቷል።

እኔ ራሴ ይሄን በር አውቀዋለሁ። አያቴ ደንቢያ ነበረች፣ ልጅ ሆነን ክረምት እዛ ስንሄድ ማታ ከውጭ "ቤቶች! ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከተሰማ እና "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል" ካለ መልሱ አንድ ነበር፣ "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ"። እግሩን የምናጥበው እኛ ልጆቹ ነበርን፣ ጭቃው ሲለቅ ውሃው ቡና ይመስል ነበር። ስሙ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው።

አሁን የማልደብቀውን ልንገራችሁ። ያን ፊልም ከማየታችን ሦስት ቀን በፊት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እንዲሁ እየዘነበ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። "ቤቶች!" አለ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው። ልነሳ ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝና የስልኬን መብራት በመዳፏ ሸፈነችው። የአያቴ ልጅ ናት እኮ፣ ስንቱን እንግዳ እግር አጥባ ያደገች! ግን ጎረቤት ልጁ ታግቶ ቤቱን ሸጦ ያስለቀቀበት፣ ሰው በስልክ እየተደወለለት ይሄን ያህል ብር አምጣ የሚባልበት ጊዜ ላይ ነን፣ እና ማንም ሊወቅሳት አይችልም፣ እኔም አልወቅሳትም፣ እኔም ቁጭ አልኩ። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ከዛ "እሺ፣ ደህና እደሩ" አለ።

ጠዋት ስንወጣ የበሩ ክዳን ስር፣ ዝናብ የማይደርስበት አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ ላይ፣ ሰው ተኮራምቶ የተቀመጠበት የጭቃ ምልክት ነበር፣ ከጎኑ የዱላ ጫፍ የወጋው ቀዳዳ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አይታው ገባች።

ለዛ ነው ያ መጋረጃ እንቅልፍ የነሳኝ። የዛች ከተማ ሰዎች ክፉዎች ናቸው ብሎ ማለፍ ድሮ ይቀለኝ ነበር፣ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ክፍል ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፣ የጠፋ ሻማ ይሸታል፣ ሰዎቹም ፈርተው ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ ውጭ የቀረው ሰውም እውነተኛ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚችለው ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም ያልተከፈተለትን ሰው መልሶ በር ላይ ያቆመዋል።

እና በአማርኛ ትሪለር ለምትጽፉ፣ ፊልም ለምትሠሩ ልጆች ልመናዬ ይሄ ነው፣ እባካችሁ የፈረንጆቹን ቤትና የፈረንጆቹን ጩኸት አትቅዱ። ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎሜትር ገደማ ናት። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሰፍቶ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው ትልቁ፣ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሳበት ቶሎ ይቆጣል፣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ በዛ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አስቡ። ቀትር ላይ ውሃ ዳር አትቁሙ እየተባልን ያደግን ነን፣ ጋኔኑንም ዛሩንም ከማንም መበደር የለብንም።

መንፈሱን ለማሳየትም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1900 ስኮትላንድ ፍላናን በሚባሉት ደሴቶች ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የማማ መብራት የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ጠፍተው ቀሩ፣ እስከዛሬ አልተገኙም። በኋላ ሰው ያላለቀ ምሳ፣ የተገለበጠ ወንበር ምናምን ጨመረበት፣ ግን በእውነት የተገኘው ይበልጥ ያስፈራል፣ የሁለቱ የዝናብ ልብስ የለም፣ የሦስተኛው ግን ቦታው ላይ ተሰቅሏል። በዛ ወጀብ ያለ ልብሱ ምን ሊያደርግ ወጣ? እናንተም አንድ ነገር ስቀሉና ተዉት። ጎርጎራ ላይ ዝናብ ይዝነብ፣ አንድ ሰው ከውሃው በኩል መጥቶ "ቤቶች!" ይበል፣ ካሜራው ግን ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ይቀመጥ፣ ትንፋሻቸውን እንስማ።

እናቴ ስለዛ ሌሊት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትቀንሳለች።