አንድ ሰዓት ብቻ

ከሲንጋፖር ኩዋላ ላምፑር በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል ብላችሁ ስልካችሁን ብትጠይቁት ሳያቅማማ «አንድ ሰዓት» ይላችኋል። ርቀቱም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያው ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሉት።

እኔም አምኜ እዚያ ለሚኖር ጓደኛዬ ደወልኩ። «አንድ ሰዓት ነው እኮ! ምሳ እናንተ ጋ ነኝ።» ሚስቱ ከኋላው «የጠዋቱ ነው የማታው አንድ ሰዓት?» ስትል ይሰማኛል።

ጠዋት 1:30 ከሆቴል ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ቀድመህ ተገኝ ተብያለሁ። ለአንድ ሰዓት መንገድ! ቡና ጠጡ ተብሎ ቡናው ሳይታጠብ ከች እንደሚል ጎረቤት ቻንጊ ኤርፖርት ተገትሬ 4 ሰዓት አለፈ።

አየር ላይ የቆየነው ሦስት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። አስተናጋጇ በትንሽዬ ኩባያ የታሸገ ውሃ ሰጠችኝ። ክዳኑን ስታገል ባዶውን ልትሰበስብ ተመልሳ መጣች። ተያየን። ሳልከፍተው መለስኩላት። ጎማው መሬት ነካ።

ጓደኛዬ ደወለ። «ደረስክ?»

«ደርሻለሁ!»

መገናኛ ታክሲ እየጠበቁ «ቦሌ ነኝ» እንደማለት ነበር። ኤርፖርቱ ያለው ሴፓንግ ነው፤ ከመሀል ከተማው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቢሾፍቱ ወርዶ አዲስ አበባ ገባሁ እንደማለት። (አትሳቁ፣ የእኛም አዲሱ ኤርፖርት የታሰበው እዚያው ቢሾፍቱ አካባቢ ነው።) የፓስፖርት ሰልፍ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ባቡር። የከተማው ባቡር ጣቢያ ስደርስ 7 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። በአውቶቡስ የሄደ ሰው አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ድንበር ላይ ሁለቴ ወርዶ ፓስፖርት አስመትቶ ማለት ነው። እኔ በምን በለጥኩት?

ሁለቱን ከተሞች በ90 ደቂቃ የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር ሊሠሩ መንግሥታቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈራርመው ነበር። በ2021 መባቻ ተሰረዘ። እሱ እንኳ ቢኖር ወጡ አይቀዘቅዝም ነበር።

በሰዓት ልዩነት እንዳላሳብብ፣ ሰዓታቸው አንድ ነው። ማሌዢያ እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ የባሕረ ገብ መሬቷን ሰዓት በ30 ደቂቃ ወደፊት ስትገፋ፣ ሲንጋፖርም አብራ ገፋች። ሰበቤን ከ40 ዓመት በፊት ዘግተውብኛል።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። «ያ አንድ ሰዓትህ የማን አገር ነው?» አለችኝ።

ጓደኛዬ ሶፋው ላይ ሆኖ ይስቃል። «ከባቡር ጣቢያው እኛ ቤት አምስት ደቂቃ ነው» ያለኝ እሱ ነበር። በታክሲ 35 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። አላነሳሁበትም። ወጡ ለሦስተኛ ጊዜ እየሞቀ ነበር።