ማስተካከያ፦ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ምርጫ

ባለፈው ጽሑፌ በሜሪላንድ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት (በየካውንቲው ላለው ዋና የክስ መስሚያ ፍርድ ቤት) ጸሐፊነት የሚወዳደሩ ዕጩዎች የሥራ ዘመን 8 ዓመት ነው ብያለሁ። ፕራይመሪው (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ላይም ማንኛውም የተመዘገበ ዜጋ ለፈለገው ዕጩ መምረጥ ይችላል ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሜሪላንድ ሕገ መንግሥት መሠረት ጸሐፊው የሚመረጠው ለ4 ዓመት ነው። 8 ዓመቱ የጎረቤት ቨርጂንያ ሕግ ነው። ዕጩዎቹ በፓርቲ ስም ስለሚቀርቡ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ሰው ነው። የሪፐብሊካኑም እንዲሁ። ይህን የግዛቱ ምርጫ ቦርድ መመሪያ በግልጽ ያስቀምጣል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ የፕራይመሪው ስህተት ነው። ሲመዘገብ ፓርቲ ያልመረጠ ሰው እኔን አምኖ ቢሄድ፣ ለጸሐፊ ዕጩዎች የሚመርጥበት ወረቀት አይሰጠውም። የተመዘገበ ሰው ደግሞ በፕራይመሪው ቀን ፓርቲ መቀየር አይችልም። ስለዚህ ምዝገባችሁን ከወዲሁ አረጋግጡ፤ የመቀየሪያው ጊዜ ከምርጫው ቀደም ብሎ ያበቃል። በኅዳሩ አጠቃላይ ምርጫ ግን ፓርቲ የሌለውም ይመርጣል።

አንዳንዶች ጸሐፊውን ከዳኛ ጋር እንዳምታታችሁት ከጥያቄያችሁ ገብቶኛል። ጸሐፊው አገር ቤት ሬጅስትራር ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ፍርድ አይሰጥም። መዝገብ ይከፍታል፣ ሰነድ ይይዛል። የቤት ስም ዝውውር የሚመዘገበው፣ የጋብቻ ፈቃድም የሚወጣው እዚያው ቢሮ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ ወይም የተጋባ ወገናችን ሰነዱ በዚህ ቢሮ እጅ አልፏል።

የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ካላችሁ ይሄንንም አድርሱልኝ።