ማስተካከያ፦ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ ነው

ወደ ደላንታና ወረኢሉ ገጠር ለሚወጡ የሚሲዮን ክሊኒክ በጎ ፈቃደኞች ባደልነው ወረቀት ላይ "አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በግማሽ ሊትር" የተባለው ስህተት ነው። ትክክሉ 1 ሊትር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ከወፈረ በልጁ ደም ውስጥ ጨው ይበዛል፤ ከቀጠነ የወጣውን አይተካም። ብርጭቆ አትመኑ፣ የየቤቱ ይለያያል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ካላችሁ ሁለቴ ሙሉ። ስኳር አይጨመርበት (ልጁ እንዲጣፍጠው ተብሎ የሚደረገው ይኸው ነው)። እናቲቱ ራሷ እያያችኋት ትበጥብጠው።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይሰጥ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ለተቅማጥ አብሮ የሚሰጠው የዚንክ መድኃኒት መጠን በወረቀቱ ላይ እንዳለው ነው፣ አልተለወጠም።