ኢንሱሊኔን ፍሪዘር ውስጥ የከተተው ማነው?

ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ ግፊቴ ስለሚጨምር ልተንፍሰው።

ስኳር ከያዘኝ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ግፊቱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለ። ሐሙስ ክትትል ነበረኝ። ካርድ አስወጥቼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ አንዱ መድኃኒት ቤት "አልቋል" ሲለኝ ሌላው ጋ ሮጬ፣ የሁለት ወር ኢንሱሊን ይዤ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ ደረስኩ። ቤት አድርሼ ልምጣ እንዳልል ቤቴ ዓለም ባንክ፣ ቢሮዬ ቦሌ። በታክሲ ሰልፍ ብቻ ቀኑ ይመሻል።

ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ስሜን ጽፌበት፣ የቢሮው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ማታ ልወጣ ስል ብከፍት የለም። ፍሪጁ በለስላሳ ጠርሙስ ጢም ብሏል። ስፈልግ ስፈልግ ላስቲኬን ፍሪዘር ውስጥ አገኘሁት፣ በረዶው ላይ ተጣብቆ። ብልቃጡን አውጥቼ ነቅነቅ ባደርገው ውስጡ አይንቀሳቀስም። ድንጋይ ሆኗል።

ኢንሱሊን ከመከፈቱ በፊት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይታመንም፣ ይጣላል። ይህን ሳስረዳ አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ፀሐይ ላይ አውጪው፣ ይለቅቃል።" እንደ ሥጋ!

ለስላሳው የመጣው ለልደት ነው። እኛ ቢሮ በየሳምንቱ ሰው ይወለዳል። አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ኬኩን አልቆጠርኩትም። "አልበላም" ካልኩ ደግሞ ልመናው ይጀመራል። "በሞቴ አንድ ጉርሻ!" "ሞት እንደሁ አይቀር!" ሻይ የምታፈላልን እትዬ እንኳ ያለ ስኳር ስጠይቃት የለቅሶ ቤት ፊት ታሳየኛለች። እሷን ግን እወዳታለሁ፣ ቢያንስ ታዝንልኛለች።

ሌላው "ምንም አትመስይም እኮ!" ይለኛል። ምን ልምሰል? ስኳርና ግፊት ፊት ላይ አይጻፉም። ደግሞ "የሀብታም በሽታ" የሚሉት ነገር አለ። የሀብታም ቢሆን በወር መጨረሻ ለመድኃኒት እበደር ነበር?

አለቃዬ ጋ ፈቃድ ልጠይቅ ስገባ ደግሞ ቀና ሳይል "ባለፈው ሄደሽ አልነበር?" ይለኛል። ሄጃለሁ ጌታዬ፣ በሽታው ግን አብሮኝ ነው የተመለሰው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ግን እኔ ስድስት ወር መተኛት አልፈለግኩም። የፈለግኩት ግማሽ ቀን ነው፣ እንዳልተኛ! እሱም ከዓመት ፈቃዴ ተቀነሰ። ልጆቼን ይዤ አገር ቤት የምሄድበትን ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ እየጨረስኩት ነው።

ይሄን እያየ ማን ይናገራል? አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አምሎዲፒኑን መሳቢያው ውስጥ ከስቴፕለር ሥር ይደብቃል። ግፊት እንዳለበት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ኪኒን ሲውጥ በድንገት ደርሼበት። "ለአለቃ እንዳትነግሪ፣ ዕድገት ይቀርብኛል" ብሎ አስምሎኛል። ባለፈው ዓመት በቢሮው የጤና ቀን ነርሶች መጥተው ሁላችንንም ግፊት ሲለኩን ከእኛ ክፍል ሦስት ሰው 140/90 አልፎ "ሂዱና ታዩ" ተባለ። ሦስቱም አልሄዱም፤ ሪፖርት መዝጊያ ሳምንት ነበር። ለተሳታፊዎች በሙሉ ግን ዳቦና ለስላሳ ታድሏቸዋል፣ ስለ ጤና ቀኑ ማለት ነው።

ወደ ኢንሱሊኔ ልመለስ። ማን እንዳደረገው እስካሁን አልታወቀም። ሁሉም "እኔ አይደለሁም፣ ጠርሙስ ብቻ ነው የደረደርኩት" ይላል። አርብ ጠዋት ተበድሬ ሌላ ገዛሁ። ከዚያ ፍሪጁ በር ላይ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ፦ "እባካችሁ፣ ከታች ያለው መድኃኒት ነው፣ ወደ ፍሪዘር አታስገቡት።"

ከምሳ ስመለስ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጨምሮበታል፦ "ፍሪጁ የጋራ ነው።"