ይድረስ ለአባ መክት፣ የሦስተኛው ቅርጫት ዋንዛ ዛፍ
ጉዳዩ፦ መንገድ እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዝናቡ እንዳልጎደለብዎ ከቁመናዎ አይተናል። ሰሞኑን ያወጡት ነጭ አበባም ያምራል፤ ንቦቹን ይቀልባል፣ የኔንም ዲስክ ደብቆ ይዟል። እንደሚያውቁት ጨዋታችን ዲስክ ጎልፍ ነው፤ ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወርን፣ በጥቂት ውርወራ ባለ ሰንሰለት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት።

ስሙን ያወጣንልዎ በጅማ ወግ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ የቆመው ንጉሥ በፈረስ ስማቸው አባ ጅፋር ከተባሉ፣ ያን ሁሉ ውርወራ የመከቱት እርስዎ አባ መክት ቢባሉ አይበዛብዎትም።

የሰፈር ሰው ሲያየን «ሃምሳ ሜትር ምን አላት?» ይላል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ብያለሁ። ከብስክሌት ቸርኬና ከአሮጌ ሰንሰለት ራሳችን የሠራነው ቅርጫት ከመወርወሪያው ቆሞ ይታያል። ለጉልበት ቢሆን ልጅም ያደርሰዋል። ግን በቀኝ ገደል፣ በግራ የሰው ቡና፣ መሀል ላይ እርስዎ። በቀኝ እጅ ከደረት የተለቀቀ ዲስክ ፍጥነቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ይታጠፋል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ መታጠፉ ይቸኩላል። ይህን ሁሉ ፊዚክስ አስልተው ልክ መታጠፊያው ላይ መብቀልዎን ሳስብ፣ ዩኒቨርሲቲው ከታች እያለ ዳገት ላይ መቅረትዎ ይቆጨኛል።

ፓሩ፣ ማለትም ቅርጫቱ ለመግባት የሚጠበቀው የውርወራ ብዛት፣ ሦስት ነው፤ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንለዋለን። ቅዳሜ ዕለት አቦሉን ግንድዎ «ጓ!» አድርጎ ወደ እግሬ መለሰው። ቶናው ቅርንጫፍዎ ላይ ቀረ። በደንቡ፣ ከተሰቀለበት ቦታ ሥር ቆሞ መቀጠል ነው፤ ከሁለት ሜትር በላይ ለተሰቀለ የቅጣት ነጥብ የሚታሰበው ውድድሩ አስቀድሞ ካወጀ ብቻ ነው። እኛ አላወጅንም። ብናውጅ የኔ ነጥብ እስካሁን የስልክ ቁጥር ያክል ነበር። በረካውን ልወረውር ስል ሥርዎ ጠልፎ ጣለኝ። በሰባተኛው ገባሁ። ከበረካ በኋላ ያለ ስኒ ስም የለውም ነበር፤ ጓደኞቼ «እጣቢ» ብለው አወጡለት።

ዲስኬን ለማውረድ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ጠራሁ። መጀመሪያ ጫማዬን አየ፣ ከዚያ «ሃምሳ ብር» አለ።

«ባለፈው ሠላሳ አልነበር?»

«ዘንቧል እኮ። ያንሸራትታል።»

ትርፉን እኩል እንደምትካፈሉ እጠረጥራለሁ። ለማንኛውም ወጥቶ አበባ ብቻ አራግፎ ወረደ፤ ሃምሳዬን ግን አልመለሰም።

የሰንሰለቱን ቅርጫት የፈለሰፈው አሜሪካዊ ኤድ ሄድሪክ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ እንደ ምኞቱ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። እሱ ሞቶ ዲስክ ሆነ፤ እኔ በቁሜ ዲስኬን እርስዎ ላይ ቀበርሁ።

እንግዲህ ማስፈራራቴ አይደለም። ግን የአጎትዎ ልጅ ሳሎኔ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰላም ብሎዎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለ እጣቢው

ግልባጭ፦ ለጉሬዛዎቹ፣ ዲስኩ ፍሬ አለመሆኑን እንዲያውቁት፤ ለባለ ሃምሳ ብሩ ልጅ፣ ለቅዳሜ ቀድሞ እንዲዘጋጅ።