ውሃ የማይለምን አበባ

አሁን የምኖርባት የአሜሪካዋ ከተማ ዴንቨር ከጅማ ዝቅ ትላለች ብዬ ስናገር እስካሁን የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። የዚህ ከተማ ሰዎች «ከባሕር ወለል አንድ ማይል ከፍ ያለች» እያሉ ይኮሩባታል። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ነው፤ እኔ የተወለድኩባት ጅማ ግን 1,700ን አልፋ ትሄዳለች። ሁለቱን የሚለያቸው ከፍታው ሳይሆን ከሰማይ የሚወርደው ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንብላታል፤ ዴንቨር በረዶዋ ቀልጦ ቢደመርላት እንኳን 400 አይሞላላትም። ታዲያ ውሃ የሚቸግረው የትኛዋን ከተማ ነው ቢባል መልሱ ግልጽ ይመስላል። እኔም እስካለፈው ገና ድረስ ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ቤቱን ስንገዛ ከፊት ለፊቱ የተነጠፈ ሣር ነበረው። ሣር ስል በግ የሚነጨው፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ሣር እንዳይመስላችሁ። ማንም የማይቀመጥበት፣ ማንም የማይበላው፣ በየሳምንቱ እየታጨደ በየሳምንቱ የሚጠጣ ሣር ነው። የመጀመሪያው የሐምሌ የውሃ ሂሳብ ሲመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ «ይህ ሣር ከልጆቹ ይበልጣል» አለች። በዚያ ላይ ማጠጫው በሰዓት ነው። በሞቃቱ ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ማጠጣት ክልክል ነው፤ በሳምንትም ከ3 ቀን መብለጥ የለበትም። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የከተማዋ የውሃ ድርጅት ይህንን ሁሉ ቁጠባ የሚጠቀልል «ዜሪስኬፕ» የሚል ቃል ራሱ ፈጥሮ ለዓለም ሰጠ። «ዜሮስ» በግሪክኛ ደረቅ ማለት ነው፤ ከድርቅ ጋር ታርቆ የሚኖር ግቢ እንደማለት።

ሣሩን ነቅዬ ባዶውን መሬት ስመለከት ያዩኝ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፣ በአጥር ላይ አንድ ግንድ አቀበሉኝ። ቅጠሉ ወፍራም፣ አመድማ አረንጓዴ፣ ሲጫኑት ውሃ እንደሞላ የሕፃን ጉንጭ የሚመልስ ነው። ስሙ ሴደም ነው። የእሳቸው ዝርያ በጀርመናዊው አበባ አራቢ በጌኦርግ አሬንድስ የአትክልት ቤት የተገኘና በ1955 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የወጣ ነው። አንዱ ወላጁ የአውሮፓ፣ ሌላው የቻይናና የኮሪያ ተክል ነው። ጀርመኖቹ የሰጡት ስም በእኛ ቋንቋ «የመጸው ደስታ» ይሆናል። ሴትየዋ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ትከለውና እርሳው»።

የጅማ ልጅ ደግሞ ተክል ተክሎ መርሳት አያውቅበትም። እናቴ ቡናውንም ጎመኑንም ጽጌረዳውንም በፍግ ስታሳድግ ያየሁ ሰው ነኝና ከረጢት ሙሉ ፍግ ገዝቼ ከሥሩ ጨመርኩ። ማታ ማታ ባለቤቴ ሳታይ ውሃ አጠጣሁት። ሰኔ ላይ የግቢው ጌታ መሰለ፤ ቁመቱ ከጉልበቴ አለፈ፣ ቅጠሉ ሰባ። ነሐሴ ላይ አበባው መክበድ ሲጀምር አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ ከመሐሉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግንዶቹ በየአቅጣጫው ተዘርረው፣ መሐሉ እንደ መላጣ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ሳቁብኝ። «ምን አብልተኸው ነው?» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት አሸዋማ አፈርና ሙሉ ቀን ፀሐይ ያለበት ቦታ አዛወርኩት፤ ግንቦት ማብቂያ ላይ ግማሽ ቁመቱን ቆረጥኩት፤ ፍጉን ለቲማቲም ተውኩለት። ቀጥ ብሎ ቆመ። የቆረጥኳቸውን ግንዶች አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሬ አፈር ውስጥ ብሰካቸው ሁሉም ሥር ሰደዱ። ከአንድ ግንድ ተነስቼ ዛሬ የግቢዬን ሁለት ወገን ሞልቻለሁ፤ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም።

ያለ ውሃ እንዴት እንደሚኖር ሳነብ ያገኘሁት ነገር ደስ የሚል ነው። አብዛኛው ተክል ቀን ቀን ቅጠሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ያስገባል፤ በዚያው ውሃው በፀሐይ ይተናል። የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ግን ውሃ ሲያጥራቸው ቀን በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍቱና የሚያስፈልጋቸውን አየር ወደ አሲድ ለውጠው እስኪነጋ ያከማቹታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ህንድ ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው የአንዱን ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም የለሽ፣ ወደ ማታ መራራ እንደሚሆንበት ጽፎ ነበር። እኔም ውሃ በጠፋበት ነሐሴ ማለዳ ላይ የሴደሜን ቅጠል ጫፍ ነክሼ ሞከርኩ። እንደ ሎሚ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የነከስኩት ሣር ሣር ይል ነበር። (ከዚህ ቤተሰብ ከብት የሚገድልም ስላለ የማታውቁትን ቅጠል አትቅመሱ፤ ልጆቼንም ይህን ሳደርግ እንዳያዩኝ ተጠንቅቄያለሁ።)

አበባው ሐምሌ ላይ እንደ አበባ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ይነሳና መጀመሪያ ፈዛዛ ሮዝ፣ ቀጥሎ የጡብ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ ተቆልቶ የወጣ ቡና ይመስላል። ሌላው የግቢ አበባ ሁሉ በሙቀቱ ተቃጥሎ ባለቀበት ሰዓት ስለሚያብብ ንብና ቢራቢሮ እሱ ላይ ይደፋሉ። እኔን የሚገርመኝ ጊዜው ነው። በእኛ መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ አባቶቻችን አርባውን ቀን ለአበባ ሰጥተውታል። ዴንቨር ውስጥ የመጀመሪያው ውርጭ የሚወርደውም በዚያው ሰሞን ነው። ለፈረንጆቹ የመጨረሻው አበባ፣ ለእኛ የመጀመሪያው። እዚህ ሰው በመስከረም አበባ ሲያይ «ዓመቱ አለቀ» ብሎ ይተክዛል፤ እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላም «እንቁጣጣሽ» እላለሁ። አደይ በሌለበት አገር ሴደሙን አደይ አድርጌዋለሁ።

አንድ ዓመት በበረዶው ወራት የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ላከብኝ፤ የደረቀውን አበባ ከፊት ለፊት አስወግድ የሚል። ሴደም እኮ ደርቆም አይወድቅም፤ በረዶ ሲጥል እያንዳንዱ ራስ ላይ ነጭ ቆብ ይደፋለታል። የሚቆረጠው በጸደይ፣ አዲሱ ቡቃያ ከሥር እንደ ጥቃቅን ጥቅል ጎመን ብቅ ሲል ነው። ይህን ጽፌ መለስኩላቸው። መልስ አልመጣም፤ እኔም አልቆረጥኩም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሜ ነው ባለፈው ታኅሣሥ ማብቂያ ገናን ከእናቴ ጋር ለማክበር ጅማ የገባሁት። ቤታችን ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው መንገድ በኩል ነው። የደረስኩ ዕለት ማለዳ የቀሰቀሰኝ የጀሪካን ድምፅ ነበር። ውሃ በፈረቃ ነው፤ የእኛ ሰፈር ተራ ሌሊት ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ከየቆርቆሮው ጣሪያ እየተንዶለዶለ፣ በየቦዩ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያውቅ ሰው ታኅሣሥ ላይ በዚያው ከተማ ጀሪካን ተሰልፎ ሲያይ ምን ይበል? እናቴ በርሜል አላት፤ ሐምሌ ላይ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል፣ ኅዳር ላይ ታችኛው ቀለበቱ ይታያል። ከተማው ግን በርሜል የለውም።

ዴንቨርን ለማመስገን ብዬ አይደለም። እዚያ ከሚጠጣው ውሃ ግማሽ ያህሉ ከተራራው ማዶ ተወስዶ፣ ዓለት ተበስቶ በዋሻ የሚመጣ ነው። ያንን ሁሉ ደክመው አምጥተው ሣር ያጠጡበታል። ቁጠባውን ያስተማራቸው የሂሳብ ወረቀቱ እንጂ ጨዋነት አይመስለኝም። ግን ውሃ እንደሚጎድላቸው አውቀው ግቢያቸውን በዚያ ልክ ያበጃሉ። እኛ ደግሞ ዝናባችንን ተማምነን በሐምሌ ልክ ግቢ እናበጅና በታኅሣሥ እንቀጣለን። የሚቀጣው ደግሞ ውሃ የሚቀዳው ሰው ነው፤ በየቤቱ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

የእናቴ ግቢ ይህንኑ ይናገራል። በዱቄት ወተት ቆርቆሮና በተሰነጠቀ ባልዲ የተተከለ ጽጌረዳ፣ ዳሊያ፣ ጤና አዳም። በስልሳ ስምንት ዓመቷ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ በጣሳ እየቀዳች ጽጌረዳዋን ታጠጣለች። ጽጌረዳዋ ግን ጫፉ ደርቆ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እያኮረፈ ነው። ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሽንት ቤቱን በጋረደው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ ማንም ያልተከለው እንዳሁላ ወፍራም ቅጠሉን ዘርግቶ አብቧል። ሥሩ ያረፈው ከሁለት ጣት በማይበልጥ አፈር ላይ ነው። የሴደም የቅርብ ዘመድ፣ የዚያው ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ዴንቨር ሆኜ ነው። እያየሁት ነው ያደግሁት፤ አይቼው ግን አላውቅም።

«እማዬ፣ ይህንን እኮ በቆርቆሮ ተክለሽ በረንዳ ላይ ብታደርጊው ውሃ አያስቸግርሽም» አልኳት። ስለ ሌሊቱ በር፣ ስለ አሲዱ፣ ስለ ጀርመኑ ሰው ሁሉ ነገርኳት። ጣሳዋን ይዛ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እንዳሁላ?» አለች በመጨረሻ። «እሱ እኮ መድኃኒት ነው፤ እሳት ላይ ሞቅ አድርገው እብጠት ላይ የሚያስሩት። ደግሞስ ካላጠጣሁት የእኔ ነው ምኑ?»

ለዚህ ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። ጎረቤቴ «ትከለውና እርሳው» ያሉኝን አስታወስኩ። እናቴ የምትረሳው ነገር ፈልጋ አይደለም የምትተክለው።

ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ጎረቤታችን ሐጂ መጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የቡና ማሳ ያላቸው ሰው ናቸው። እናቴ ወሬውን ለእሳቸው አቀበለች፤ «ልጄ ውሃ የማይጠጣ አበባ አግኝቶ መጣ» ብላ። የሴደሙን ፎቶግራፍ ከስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ሐጂ፣ ይህ እዚህ የሚበቅል ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መብቀሉንስ ይበቅላል። ያብባል ወይ?»

ትክክለኛዋን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ሴደም ለማበብ የሰሜኑን አገር ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ የጅማ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በካልሲ ጠቅልዬ ሁለት ግንድ ይዤ ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተክል ያለ ጤና ማረጋገጫ ከአገር አገር ማሻገር ክልክል ስለሆነ ተውኩት እንጂ። ተውኩት ያልኩት ለወግ ያህል ነው፤ ባለቤቴ ናት ከሻንጣው ያወጣችው።

«የእኛ ቡና» አሉ ሐጂ ስኒውን እያስቀመጡ፣ «በጋውን ሳይጠማ አያብብም። ታኅሣሥና ጥር እንቡጡን ቋጥሮ ዝም ይላል። የካቲት ላይ አንድ ዝናብ ይመታዋል፤ ሳምንት ሲሞላው ማሳው በሙሉ ነጭ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ። ውሃ ሳይጠማው የኖረ ቡና አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ነገ እያለ ያስቸግራል፤ ለቀማውም እንደዚያው።» ከዚያ ወደ ቡና ዋጋ አለፉ፤ በዚያ ጉዳይ ላይ የተባለውን እዚህ አልጽፈውም።

ከተመለስኩ በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ ዴንቨር በረዶ ጥሎ ሳለ እናቴ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በረንዳው ላይ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተተከለ እንዳሁላ። ደስ ብሎኝ ወዲያው ደወልኩ።

«ሰማሽኝ ማለት ነው!» አልኳት።

«ምኑን?» አለች። «ግንቡ ሊፈርስ ነው፤ ሽንት ቤቱን ልናሳድስ። የሐጂ የልጅ ልጅ እግሯ ሲያብጥ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው።»

«ታጠጪዋለሽ?»

«ታዲያ ልተወው?» አለች።