ሰዓትን በመርፌ መግዛት አይቻልም

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ በተሰጠ የሙያ ሥልጠና አንድ ተናጋሪ «ለጋሹ አንቲኦክሲደንት ከተወጋ ርቀቱ አያሳስብም፤ ጉበቱ እዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ሊተከል ይችላል» አሉና ተጨበጨበላቸው። አንቲኦክሲደንት ማለት ሴልን የሚጎዱ የኦክስጅን ራዲካሎችን የሚያከስም ንጥረ ነገር ነው። የሚያናድደው ያጨበጨቡት የጤና ባለሙያዎች መሆናቸው ነው።

ማስረጃ ተብሎ የቀረበው «ጉበቱ የሚነከርበት የማቆያ ፈሳሽ ራሱ ግሉታታዮን የተባለ አንቲኦክሲደንት አለው» የሚል ነው። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተቀመረው ፈሳሽ በሊትር 3 ሚሊሞል ግሉታታዮን አለው። ግን ከረጢቱ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር ግሉታታዮኑ ኦክሳይድ እየሆነ ኃይሉን ያጣል። ከረጢት ላይ የተጻፈ ስም ጉበት አያድንም!

ዋናው ነገር ጉዳቱ የት እና መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። ጉበቱ በረዶ ላይ ሳለ ኦክስጅን ስለማያገኝ ኤቲፒ የሚባለውን ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ጉልበት በሚመረትባቸው የሴሉ ክፍሎች፣ በማይቶኮንድሪያዎቹ ውስጥ፣ ሰክሲኔት የተባለ ውህድ ይከማቻል። ቀዶ ሐኪሙ የደም ሥሩን መቆንጠጫ ሲፈታ ትኩስ ደም ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ የተከማቸው ሰክሲኔት በደቂቃዎች ውስጥ ይነድዳል፣ ጎጂ የኦክስጅን ራዲካሎች ይፈልቃሉ። እሳቱ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው፣ የተወጋው መድኃኒት ደም ውስጥ። በመርፌ የሚሰጠውና የሚወደሰው አንቲኦክሲደንት፣ ኤን-አሴቲልሲስቲን፣ ደግሞ ለግሉታታዮን ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው፤ ሴሉ ከዚያ ግሉታታዮን የሚሠራው ኤቲፒ ከፍሎ ነው። ከበረዶ የወጣ ጉበት ያጣው ግን እሱኑ ነው። ባዶ ምድጃ ላይ ሊጥ ማቅረብ ማለት ይኸው ነው። ጣሊያን ውስጥ ለጋሹን ቀድመው በመውጋት ጥሩ ውጤት የዘገቡ አሉ፤ ሌሎች ሲሞክሩት ግን ውጤቱ አልተደገመላቸውም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለውም ስህተት ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት ከገባ ፊት ያቀላል፣ ብሮንካይን (የሳንባን የአየር ቧንቧዎች) ያጠባል፣ የደም ግፊት ይጥላል፤ መቆንጠጫው ሲፈታ ግፊቱ ያለዚያም ይወርዳል። በዚያ ላይ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየውን መለኪያ፣ አይኤንአርን፣ በትንሹ ከፍ ያደርጋል፤ አዲሱ ጉበት መሥራቱን የምናነበው በሱ አይደለም እንዴ?

በትክክል የታየውን ልናገር። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ኦክስጅን ተሞልቶ በማሽን በጉበቱ ውስጥ ሲዘዋወር ማይቶኮንድሪያው ከመተከሉ በፊት ሰክሲኔቱን ቀስ ብሎ ያራግፋል፣ ኤቲፒውም ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሙከራ፣ ልባቸው ከቆመ ለጋሾች በተወሰዱ ጉበቶች ላይ ሕመም የሚያስከትለውን የሐሞት ቧንቧ መጥበብ ከ18 ወደ 6 በመቶ አውርዶታል። እዚህ የሠራው ኦክስጅን ነው፤ አንቲኦክሲደንት አልተወጋም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሽን ከሌለ የቀረን በረዶና ሰዓት ናቸው፦ ጉበቱ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ በድርብ ንጹሕ ከረጢት ይታሰራል፣ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው፤ ከነካው የላዩ ሥጋ ራሱ በረዶ ሆኖ ይሞታል። ከመተከሉ በፊትም ፈሳሹ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ በሊትር 125 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም ስለያዘ ወደ ተቀባዩ ልብ ከደረሰ ያቆመዋል።

ደግሞስ አገራችን ኩላሊት የምትተክለው ከሕያው ዘመድ በተሰጠ ነው። ጉበትም በዚሁ መንገድ ቢጀመር ለጋሹና ተቀባዩ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ይተኛሉ፤ የበረዶው ቆይታ በጣም አጭር ይሆናል። ታዲያ መርፌው የሚያሸንፈው ርቀት የቱ ነው? ለመርፌው የሚታሰበው ገንዘብ ነርሶችን ከረጢት ማሰርና ደም የቆመበትን ሰዓት በሣጥኑ ላይ በደቂቃ መጻፍ ለማሠልጠን ይዋል።